ቅጂው ከዋናው ጋር ምን ይጋራል? ቨርቹዋል ማሽኖችንና የጋራ ማከማቻዎችን ከአደጋ የመመለስ ጥያቄ ሲዳሰስ

ማርች 10 ቀን 2021፣ ከእኩለ ሌሊት አለፍ ሲል፣ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ በራይን ወንዝ ዳር የቆመ ባለአምስት ፎቅ ዳታ ሴንተር በእሳት ተያያዘ። ሲነጋ ኤስቢጂ2 የሚባለው ይህ የኦቪኤች ክላውድ ሕንፃ እንዳልነበር ሆኗል። ጎረቤቱ ኤስቢጂ1 በከፊል ተቃጥሏል፤ እሳት ያልነካቸው ሌሎቹ ሁለት ሕንፃዎችም ኃይል ተቋርጦባቸው ጸጥ ብለዋል። የኩባንያው መሥራች ኦክታቭ ክላባ በዚያው ሌሊት ለደንበኞቹ ያስተላለፈው ምክር አጭር ነበር፤ የአደጋ ማገገሚያ እቅዳችሁን ሥራ ላይ አውሉ የሚል።

እቅድ ያልነበራቸው ብዙዎች ነበሩ። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን አለን ብለው ያመኑት ናቸው። ለባክአፕ ለብቻው የከፈሉ ደንበኞች ቅጂያቸውም ከዋናው ሰርቨር ጋር እዚያው ሕንፃ ውስጥ መቃጠሉን ሰሙ። ከእነዚህ አንዱ ጉዳዩን ሊል ከተማ ወደሚገኘው የንግድ ፍርድ ቤት ወሰደው። ውሉ ቅጂው ከዋናው በአካል ተለይቶ እንደሚቀመጥ ይናገር ስለነበር፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ መለየት ማለት ምን ማለት ነው ወደሚለው ወረደ። ሌላ መደርደሪያ ነው? ሌላ ክፍል? ሌላ ከተማ? ፍርድ ቤቱ በ2023 ለደንበኛው ፈረደ።

ቨርቹዋል ማሽኖችና የጋራ ማከማቻዎች አደጋ ሲደርስባቸው እንዴት ይመለሳሉ የሚለው ጥያቄ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። መልሶቹ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም ደጋፊ ባለሙያ አለው። ሁሉንም የሚፈትነው ግን በስትራስቡርግ የተነሳው ነጥብ ነው፤ ቅጂው ከዋናው ጋር የሚጋራው ነገር ምንድን ነው? ሕንፃ ሊሆን ይችላል፤ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ አንድ ስክሪፕት ወይም አንድ የክላውድ ውልም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተጠባባቂ ክፍል እስከ ፋይል የሆነ ሰርቨር

ከአደጋ ማገገም ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ባንክ የሚሠራበት ኮምፒውተር አንድ ትልቅ ሜይንፍሬም ነበር፤ ለክፉ ቀን ሌላ ገዝቶ ማስቀመጥ የማይታሰብ ወጪ ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ የተጀመረውና በኋላ ሰንጋርድ የተባለው ድርጅት አንድ መላ አመጣ፤ አንድን ተጠባባቂ ማሽን ለብዙ ደንበኞች ማከራየት። አደጋ የደረሰበት ደንበኛ ቴፖቹን በመኪና ጭኖ ይመጣል፤ ከብዙ ሰዓት አንዳንዴም ከቀናት ሥራ በኋላ ይነሳል። ሒሳቡ የቆመው ሁሉም ደንበኞች በአንድ ቀን አይቃጠሉም በሚል ግምት ላይ ነበር። ዛሬ በክላውድ ላይ የሚሸጠው የማገገሚያ አገልግሎትም ዋጋው የሚወጣው ከዚሁ ግምት ነው።

የማከማቻው ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው የሚያደርገውን የሬይድ ሐሳብ በጽሑፍ አወጡ። ኢኤምሲ በ1990 ሲሜትሪክስ የተባለ ትልቅ ማከማቻውን ለገበያ አቀረበ፤ በ1994 ደግሞ ኤስአርዲኤፍ በተባለው ሶፍትዌር አንዱ ማከማቻ የተጻፈበትን ሁሉ ሌላ ቦታ ላለ መንትያው እንዲያቀብል አደረገ። ሰርቨሮቹ ስለዚህ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ቅጂ ከቴፕና ከመኪና ወጥቶ ወደ ገመድ የገባው ያኔ ነው።

ቨርቹዋል ማሽንም፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር በሶፍትዌር የሚሠራ ማሽን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም በ1960ዎቹ ሞክሮት በ1972 ቪኤም/370 ብሎ አውጥቶታል። ተራ በሆኑ ሰርቨሮች ላይ የተስፋፋው ግን በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር በ2001 ኢኤስኤክስ ሰርቨርን ካወጣ በኋላ ነው። ለማገገም ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት የሞተ ሰርቨርን ለመመለስ ተመሳሳይ ማሽን መፈለግ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጫን፣ የዲስክና የኔትወርክ ካርዶቹን ድራይቨር ማዛመድ፣ ከዚያም ዳታውን ከቴፕ ማውረድ ግድ ነበር። አሁን ሰርቨሩ ራሱ ፋይል ሆነ። ፋይል ይቀዳል፣ ይላካል፣ ሌላ ዓይነት ማሽን ላይም ይነሳል።

ይህ ምቾት ግን አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር። በ2003 የመጣው ቪሞሽን እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ሳያቋርጥ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ያዛውራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተጨመረው ኤችኤ ደግሞ አንዱ ሰርቨር ሲሞት በላዩ የነበሩትን ቨርቹዋል ማሽኖች ሌላው ላይ ያስነሳል። ሁለቱም እንዲሠሩ ሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ የጋራ ማከማቻ ማየት ነበረባቸው። አስር ሰርቨር እርስ በርሱ መተካካት ቻለ፤ አስሩ የተደገፉበት ማከማቻ ግን አንድ ሆነ። ጎጆው ዙሪያውን በወፍራም ማገር ታስሮ ሲያበቃ መሐሉ ላይ የቆመው አንድ ምሰሶ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት መሣሪያዎች፣ የቪኤምዌር ሳይት ሪከቨሪ ማኔጀር በ2008፣ የማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ሪፕሊካ በ2012፣ እንደ ቪም እና ዘርቶ ያሉ ኩባንያዎች ያቀረቧቸውም ጭምር፣ በአብዛኛው ለዚህ ምሰሶ ሁለተኛ ለመትከል የተደረጉ ጥረቶች ናቸው።

የሚምታቱት ሦስት ነገሮች

በዚህ ሙያ ከሚደርሱት ኪሳራዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከስም መምታታት ነው። ሥራ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ዳታን ወደ ሌላ ቦታ ማባዛት ማለትም ሪፕሊኬሽን ሌላ ነው፤ ባክአፕም ሌላ ነው። የመጀመሪያው የተሰበረ ዕቃን ይተካል። ሁለተኛው የጠፋ ሕንፃን ይተካል። ሦስተኛው ወደ ኋላ ይመልሳል። ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ጆርናልስፔስ የተባለ የብሎግ አገልግሎት በ2009 መጀመሪያ መዘጋቱን ያስታወቀው ሬይድን እንደ ባክአፕ በመቁጠሩ ነው። ዳታቤዙ የተቀመጠው አንዱ የሌላው መስተዋት በሆኑ ዲስኮች ላይ ነበር። ዲስክ ቢበላሽ መስተዋቱ ያድን ነበር፤ ዳታው ሲደመሰስ ግን መስተዋቱ መደምሰሱን በታማኝነት ቀዳው። በዚያው ወር ማግኖሊያ የተባለ ሌላ ድረ ገጽ ግማሽ ቴራባይት ገደማ የሚሆን ዳታቤዙ ተበላሸበት፤ ቅጂ የሚያመሳስለው ዘዴም የተበላሸውን ፋይል በደህናው ላይ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ይህ ስህተት በየጊዜው ስሙን እየለወጠ ይመለሳል። ዛሬ በብዛት የሚታየው መልኩ ስናፕሾት፣ ማለትም የዳታው የአንድ ቅጽበት ምስል፣ ነው። እዚያው ማከማቻ ውስጥ የተቀመጠ ስናፕሾት ፈጣንና ጠቃሚ ነገር ነው፤ ማከማቻው ራሱ ከሞተ ግን አብሮት ይሞታል።

ባለሙያዎች ምን ያህል መከላከያ እንደሚያስፈልግ የሚለኩባቸው ሁለት መለኪያዎች አሉ። አርፒኦ የሚባለው ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ሰዓት የሠራነው ቢጠፋ እንችለዋለን የሚለው ነው። አርቲኦ ደግሞ ስንት ሰዓት ቆመን መቆየት እንችላለን ይላል። በየሌሊቱ ባክአፕ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው መልሱ 24 ሰዓት ነው፣ ወደደም ጠላም። ሁለቱም ቁጥሮች መምጣት ያለባቸው ከሥራው ባለቤት እንጂ ከአይቲ ክፍል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ መሣሪያው ይገዛና የሚሰጠው ቁጥር እቅድ ይባላል።

ማን ይቅዳ? ማከማቻው ወይስ ሃይፐርቫይዘሩ

ሪፕሊኬሽን በየትኛው ደረጃ ይሠራ የሚለው ክርክር አሁንም ሞቅ ያለ ነው። አንደኛው ወገን ማከማቻው ይቅዳ ይላል። መከራከሪያው ቀላል ነው፤ ማከማቻው የተጻፈውን ሁሉ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ያያል፣ የሰርቨሮቹን ጉልበት አይሻማም፣ በውስጡ ያለው ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ግድ የለውም። ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ማከማቻው የሚያውቀው ሉን የሚባለውን ትልቅ የዲስክ ክፍልፋይ እንጂ በውስጡ ያሉትን ቨርቹዋል ማሽኖች አይደለም። በአንድ ሉን ላይ ሠላሳ ማሽን ካለ ሠላሳውም አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱን ብቻ መመለስ ሲፈለግ ሁሉን ማንቀሳቀስ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜም በሁለቱም ሳይት ከአንድ አምራች የተገዛ ማከማቻ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወገን ሥራውን ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስነሳውና ለሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ለሃይፐርቫይዘሩ፣ ይሰጣል። እዚህ የሚቀዳው እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ማከማቻው የማንም ይሁን። ሃይፐር ቪ ሪፕሊካ ከ2012 አር2 ጀምሮ በየ30 ሴኮንዱ፣ በየ5 ወይም በየ15 ደቂቃው እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል። ዘርቶ የመሳሰሉት ደግሞ እያንዳንዱን ጽሑፍ በጆርናል ይመዘግቡና ማሽኑን አደጋው ከመድረሱ ጥቂት ሴኮንዶች በፊት ወደነበረበት ይመልሱታል። ጥገኝነቱ ግን አልቀረም፤ ከማከማቻ አምራች ወደ ሃይፐርቫይዘር አምራች ዞረ እንጂ። ብሮድኮም በኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ፈቃዶቹን ወደ ደንበኝነት ክፍያ ሲያዞር፣ የማገገሚያ እቅዳቸው በሙሉ በዚያ ሃይፐርቫይዘር ቅርጸት የተሠራ ድርጅቶች ይህን በግልጽ አዩት። ወደ ሌላ መዛወር ማለት የማገገሚያ እቅዱንም ከመጀመሪያው መጻፍ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን ሁለቱም ተሳስተዋል ይላል፤ መቅዳት ያለበት የዳታውን ትርጉም የሚያውቀው ዳታቤዙ ራሱ ነው። የኦራክል ዳታ ጋርድ እና የኤስኪውኤል ሰርቨር ኦልዌይስ ኦን የዚህ መንገድ ምሳሌዎች ናቸው።

የትርጉም ጉዳይ ለምን እንደሚያከራክር በአንድ የገንዘብ ዝውውር ይታያል። አንድ ሰው 5,000 ብር ከሒሳቡ ወደ ወንድሙ ላከ እንበል። ቅነሳው የሚመዘገበው በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ባለ ዳታቤዝ ነው፤ የተቀባዩ ገቢ የሚጻፈው በሌላ ማሽን ላይ። የመጀመሪያው ማሽን ስናፕሾት ከቅነሳው በኋላ ተነሳ፤ የሁለተኛው ከገቢው በፊት። ሁለቱም ቅጂዎች ለየብቻቸው ደህና ናቸው፤ አብረው ሲነሱ ግን 5,000 ብር የትም የለም። ይህን ለመከላከል ማሽኖቹን በአንድ ቡድን አስሮ በአንድ ቅጽበት መቅዳት ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ቅጂው ኤሌክትሪክ በድንገት እንደጠፋበት ማሽን ሆኖ ነው የሚነሳው። አፕሊኬሽኑ ራሱ ለአፍታ ተገትቶ በማስታወሻው ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ እንዲያወርድ ሲደረግ ግን የተሻለ ቅጂ ይገኛል፤ በዊንዶውስ ይህን የሚያስተባብረው ቪኤስኤስ ነው። ዘመናዊ ዳታቤዞች ከድንገተኛ መጥፋት መነሳት ያውቁበታል፤ አሮጌ ሶፍትዌር ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም።

ማስረጃው የሚያመዝነው ወደ ድብልቅ ነው። ገንዘብና መዝገብ የሚይዙ ዳታቤዞች በራሳቸው ዘዴ ቢባዙ፣ ሌላው በሃይፐርቫይዘር ደረጃ ቢቀዳ ይሻላል። የማከማቻ ደረጃ ሪፕሊኬሽን ዋጋውን የሚመልሰው ማሽኖቹ እጅግ ብዙ ሆነው በአንድ ቅደም ተከተል መጠበቅ ሲኖርባቸው ነው።

ርቀት፦ ብርሃን የማይደራደርበት ጉዳይ

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ካንተር ፊትዝጀራልድ በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሰሜናዊ ሕንፃ ላይ የነበሩ 658 ሠራተኞቹን አጣ። የኩባንያው የኤሌክትሮኒክ መገበያያ ኢስፒድ ግን ከሁለት ቀን በኋላ፣ የቦንድ ገበያው ሲከፈት፣ ሥራ ጀመረ። በኒው ጀርሲ ሮሼል ፓርክ መንትያ ዳታ ሴንተር ነበረው፤ የለንደን ቢሮው ሠራተኞችም ነበሩ። ሰው የሚተካ አልነበረም። ሲስተሙ ግን ተተካ።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ጥያቄውን በኪሎ ሜትር ማስቀመጥ ፈለጉ። በ2002 ያወጡት ረቂቅ ተጠባባቂው ሳይት ከ200 እስከ 300 ማይል ይራቅ ወይ ብሎ አስተያየት ጠየቀ፤ ባንኮቹ ተቃወሙ፤ በ2003 የጸደቀው ሰነድ አነስተኛ ርቀት ሳይወስን አለፈ። ተቃውሞው የወጪ ብቻ አልነበረም።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 100 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 1 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ሪፕሊኬሽኑ በአንድ ጊዜ የሚጻፍ ከሆነ፣ ማለትም ዋናው ማከማቻ መንትያው ደርሶኛል ሳይለው ለአፕሊኬሽኑ ተጽፏል የማይል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ይህን ጊዜ ይጠብቃል። ፍላሽ ማከማቻ በራሱ ጽሑፉን ከ1 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚጨርስ ጭማሪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ምንም ዳታ ማጣት የማይፈልግ ቅርብ ይሆናል፤ ከጎርፍና ከመሬት መንቀጥቀጥ መራቅ የሚፈልግ ደግሞ ዘግይቶ በመላክ ጥቂት ሴኮንድ ወይም ደቂቃ ለማጣት ይስማማል። የቪኤምዌር የጋራ ማከማቻ ሶፍትዌር ቪሳን በሁለት ሳይት ሲዘረጋ በዳታ ሳይቶቹ መካከል ያለው የደርሶ መልስ መዘግየት ከ5 ሚሊሴኮንድ እንዳይበልጥ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ሁለቱንም የሚሹ ትልልቅ ድርጅቶች ሦስት ሳይት ይይዛሉ፤ አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ።

ሁለት ሳይት ባለበት ሌላ አደጋ ይወለዳል። በመካከላቸው ያለው ገመድ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ብሎ ራሱን ዋና ሊያደርግ ይችላል። በኦክቶበር 2018 የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ጊትሃብ ላይ የደረሰው ይህን ይመስላል። የኔትወርክ ዕቃ ሲቀየር በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ዋናው ዳታ ሴንተር ለ43 ሴኮንድ ተቆረጠ። በራሱ የሚወስነው ሶፍትዌር የዳታቤዝ አለቅነቱን ወደ ምዕራብ ዳርቻ አዛወረ። ግንኙነቱ ሲመለስ ሁለቱም ወገን ሌላው የሌለው ጽሑፍ ነበረው። ኩባንያው ፍጥነትን ትቶ የዳታውን ትክክለኛነት መረጠ፤ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። 43 ሴኮንድ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻል ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በመነሳት ፌይልኦቨር፣ ማለትም ሥራን ወደ ተጠባባቂው ማዛወር፣ በማሽን ይወሰን ወይስ በሰው የሚለው ክርክር አለ። በማሽን ይወሰን የሚሉ በሦስተኛ ቦታ የሚቀመጥ ምስክር ሰርቨር ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ምስክሩ ያየው ወገን ይቀጥላል፣ ሌላው ራሱን ያጠፋል። በሰው ይወሰን የሚሉ ደግሞ በአንድ ሕንፃ ውስጥ መተካካቱን ለማሽን ትተው፣ ከተማ የሚያሻግረውን ውሳኔ ሥልጣን ላለው ሰው ይሰጣሉ። የጊትሃብን ቀን ያየ ሁለተኛውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

እሳት የሌለበት ቃጠሎ

እስካሁን የተነሱት መልሶች በአብዛኛው ሕንፃ ቢጠፋስ ለሚለው ነው። ያለፉት አስር ዓመታት መዝገብ ግን ወደ ሌላ ያመለክታል፤ ዳታ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሥልጣን ባለው እጅ ነው።

ዲሴምበር 2021 የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ከሱፐር ኮምፒውተሩ የጋራ ማከማቻ 77 ቴራባይት፣ ከ34 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች፣ ጠፉበት። 14 የምርምር ቡድኖች ተጎዱ። ያጠፋው የባክአፕ ስክሪፕቱ ነው። አቅራቢው ድርጅት ስክሪፕቱን ለንባብ እንዲቀል አሻሽሎ፣ አሮጌው እየሠራ ሳለ አዲሱን በላዩ ጻፈ። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም ባሽ እያነበበ የሚፈጽም ስለሆነ ግማሹን ከአሮጌው፣ ግማሹን ከአዲሱ አነበበ። ያረጁ የሎግ ፋይሎችን ብቻ መሰረዝ የነበረበት ትእዛዝ፣ የት እንደሚሰርዝ የሚነግረው ተለዋዋጭ ባዶ ሆኖበት፣ የተመራማሪዎቹን ፋይል ጠረገ። ዳታውን ሊጠብቅ የተቀመጠው መሣሪያ ራሱ የመሰረዝ ሥልጣን ነበረው።

በሜይ 2024 ደግሞ ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በጎግል ክላውድ ላይ የነበረው የቪኤምዌር ክላውድ ተሰረዘ። የጎግል ሠራተኞች አገልግሎቱን ሲያቋቁሙ በውስጥ መሣሪያ ላይ አንዲት ቦታ ባዶ ትተው ነበር፤ ሲስተሙ ባዶውን የአንድ ዓመት ውል ብሎ ተረጎመው፤ ዓመቱ ሲሞላም ሰረዘ። ዩኒሱፐር በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ቅጂ ነበረው፤ ሁለቱም በአንድ ውል ሥር ስለነበሩ አብረው ጠፉ። ወደ ሳምንት ከሚጠጋ መቋረጥ በኋላ አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ከዚያ ውል ውጭ በተቀመጡ ቅጂዎች ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ የዩኒሱፐር ሁለቱ ግን በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

ሌላው የሶፍትዌር ኮድ ማስቀመጫ ጊትላብ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ያሳለፈው ሌሊት ከሁሉ በላይ ሊጠና ይገባዋል፤ ኩባንያው ምንም ሳይሸሽግ ስለተናገረ። የደከመ አንድ ባለሙያ ተጠባባቂው ዳታቤዝ ላይ መሆኑን ተማምኖ የዋናውን ማህደር መሰረዝ ጀመረ። ሴኮንድ ሁለት ሴኮንድ ቆይቶ ነቃና አስቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ጊጋባይት ቀርቷል። ከዚያ አንድ በአንድ መላዎቹ ሲታዩ አምስት የተለያዩ የባክአፕና የሪፕሊኬሽን ዘዴዎች አልሠሩም። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ የፕሮግራሙ ሥሪት ከዳታቤዙ ጋር ስላልተዛመደ ከነጭራሹ አልተወሰደም፤ ማስቀመጫው ባዶ ነበር። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎች በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ይደረጉ ነበር። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሙከራ ሲል ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ ያነሳው ስናፕሾት ነው። እንግዲህ ለአርፒኦ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን፣ በተግባር የሆነው ስድስት ሰዓት ነበር፤ እሱም በዕድል።

መጀመሪያ ባክአፑን የሚፈልግ ጠላት

ሌባና እሳት የሚለያዩት እሳት ሁለተኛውን ቅጂ ፈልጎ ባለመሄዱ ነው። ዳታ ቆልፈው ቤዛ የሚጠይቁት አጥቂዎች ግን ይሄዳሉ።

በጁን 2017 ቤዛ ጠያቂ መስሎ የመጣው ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ሶፍትዌር የማርስክን የመርከብ ድርጅት ሲመታ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደገና መጫን ነበረባቸው። የሠራተኞችን መለያ የሚይዙት 150 ገደማ ዶሜይን ኮንትሮለሮች እርስ በርስ ስለሚባዙ አንዱ ቢጠፋ ሌሎቹ ይተካሉ ተብሎ ለብቻ ባክአፕ አልተያዘላቸውም ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ውስጥ፣ በአጋጣሚ መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ተቆርጦ የነበረ። በመስመር መላኩ ቀናት የሚፈጅ ሆነ፤ የጋና ባልደረቦችም የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው ዲስኩ ናይጄሪያ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ የማገገሚያ ሥራው ወደሚካሄድበት እንግሊዝ፣ ሜይደንሄድ ደረሰ። የአየር ክፍተት የሚባለው የመከላከያ ሐሳብ፣ ማለትም ቅጂውን ከኔትወርክ ቆርጦ ማስቀመጥ፣ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘም።

ለአጥቂ ሃይፐርቫይዘር ማራኪ ዒላማ ነው። መቶ ማሽን ለየብቻ ከመስበር አንድ ቦታ ገብቶ የዲስክ ፋይሎቻቸውን መቆለፍ ይቀላል። በፌብሩዋሪ 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው ጥቃት በሺዎች የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ ሰርቨሮችን ሲመታ የተጠቀመው ቪኤምዌር ከሁለት ዓመት በፊት ማስተካከያ ያወጣለትን ቀዳዳ ነው ተብሎ ይታመናል። በዚያው ዓመት ኦገስት የዴንማርኩ የክላውድ ኩባንያ ክላውድ ኖርዲክ ወደ ሌላ ዳታ ሴንተር ሲዛወር ቀድሞ የተበከሉ ሰርቨሮች ለጊዜው ከውስጥ ኔትወርኩ ጋር ተገናኙ። አጥቂዎቹ ወደ ማከማቻው፣ ወደ መጀመሪያውና ወደ ሁለተኛው ባክአፕ ደረሱ። አብዛኞቹ ደንበኞች ዳታቸውን በሙሉ አጡ።

የዘመኑ መልስ አስተዳዳሪው ራሱ እስከ ተወሰነ ቀን ሊሰርዘው የማይችል ቅጂ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ በ2005 ባወጣው መጽሐፍ የታወቀው 3-2-1 ደንብ፣ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚለው፣ ዛሬ 3-2-1-1-0 ሆኗል፤ የተጨመረው አንድ የማይነካ ወይም ከኔትወርክ የተቆረጠ ቅጂ ነው፣ ዜሮው ደግሞ ሲሞከር ስህተት ያልተገኘበት ማለት ነው። ዜሮውን የሚፈጽሙት ጥቂቶች ናቸው።

ዛሬም ያልተቋጩ

ካልተቋጩት ጥያቄዎች አንደኛው ሙከራ ነው። ሳይት ሪከቨሪ ማኔጀርና መሰሎቹ በተለየ ዝግ ኔትወርክ ውስጥ ማሽኖቹን አስነስቶ መፈተሽ ይፈቅዳሉ። ይህ ሥራው ሳይነካ መሞከር ያስችላል፤ የሚመልሰው ግን ማሽኖቹ ይነሳሉ ወይ የሚለውን ብቻ ነው። በእውነተኛው ቀን የሚያሰናክሉት ሌሎች ናቸው። ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስና የሠራተኞችን መለያ የሚይዘው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሳይነሱ ምንም አይነሳም። የይለፍ ቃሎቹ የተቀመጡት በወደቀው ማሽን ውስጥ ይሆናል፤ የባክአፕ ሰርቨሩ ራሱ ቨርቹዋል ማሽን ሆኖ እዚያው ማከማቻ ላይ ይገኛል፤ የማገገሚያ ሰነዱም በማይከፈተው የጋራ ፎልደር ውስጥ። ሥራውን በሙሉ ለጥቂት ቀናት ወደ ተጠባባቂው ሳይት አዛውሮ መሥራት ብቻ ነው እነዚህን የሚያወጣቸው፤ ያም ወደ ቤት የመመለሱ ሥራ ከመሄዱ ስለሚከብድ ብዙዎች አይደፍሩትም።

ሁለተኛው የመጠን ጥያቄ ነው። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን የመንግሥት ዳታ ሴንተር ውስጥ የሊቲየም ባትሪዎች ሲዛወሩ እሳት ተነሳ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። ከእነሱ አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ ነበር፤ 858 ቴራባይት ዳታ ይዞ ጠፋ። ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት ማከማቻው በመጠኑ ትልቅ በመሆኑ ሌላ ቦታ ባክአፕ አልተያዘለትም የሚል ነው። ዳታው የአንድ ሀገር ሠራተኞች የዓመታት ሥራ ከሆነ፣ ባክአፕ ሊያዝለት የማይችል ማከማቻ ከመጀመሪያው መሠራት አልነበረበትም።

ሦስተኛው ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈቱት ራክሲዮ፣ ዊንጉና ሬድፎክስ ሦስቱም ዳታ ሴንተሮቻቸውን ያቆሙት በአይሲቲ ፓርክ ነው። ከሁለቱ የተከራየ ድርጅት አንድ ሕንፃ ቢቃጠልበት ይተርፋል፤ አካባቢውን በሙሉ ከሚነካ ነገር ግን አይተርፍም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አዳማ በሁለቱም ቦታ በአንድ ጊዜ ለመጻፍ በመዘግየት በኩል ትመቻለች፤ ግን ወደ ስምጥ ሸለቆው ይበልጥ የቀረበች ናት። ስለዚህ ባሕር ዳር ሲታሰብ ዘግይቶ የሚላክ ሪፕሊኬሽንና ጥቂት ደቂቃ ማጣትን መቀበል አብሮ ይመጣል።

ዳታ ሴንተር ወይም ክላውድ የሚከራይ መሥሪያ ቤት ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። ቅጂው በየትኛው ሕንፃ ነው? ዋናውንም ቅጂውንም መሰረዝ የሚችል አንድ ሰው ወይም አንድ ስክሪፕት አለ? ውሉ ቢቋረጥ ቅጂው ስንት ቀን ይቆያል? ለመጨረሻ ጊዜ ከቅጂው ተነስቶ የተሠራው መቼ ነው፣ ስንት ሰዓትስ ፈጀ? በስትራስቡርግ ቅጂው የት እንዳለ ለደንበኛው ግልጽ የሆነለት ሕንፃው ከተቃጠለ በኋላ ነው።